ሁለቱም አምስት ላይ

«እሱ ነው! በቃ፣ እሱ ነው የእኔ!» አለ አባቷ በጥገና ክፍሉ መሃል ከተሰቀለው አንሶላ ወዲያ።

የሚጡ ጣቶች ቤዝ ጊታሩ ላይ ደርቀው ቀሩ። ፊት ለፊቷ ሁለት አምፕሊፋየሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የግራው አባቷ በእጁ የሠራው «ግንድ» ነው። የቀኙ የትምህርት ቤቷ የሙዚቃ መምህር ለሙከራ ከሱቅ ያስመጣው፣ በአንድ እጅ የሚነሳው አዲሱ ነው። የጊታሩ ገመድ የተሰካው ቀኙ ላይ ነው። በዓይኗ ከጊታሩ እስከ መሰኪያው ተከትላ ሄደች፣ ተመለሰች። ያው ነው። አባቷ የሰው ሥራ ሰምቶ «የእኔ ነው» ብሏል።

«ሚጡ? ልክ ነኝ አይደል?»

አጠገቧ ቆሞ ገመድ ሲቀያይርላት የነበረው ፈጣኑ መሰኪያውን አየ፣ እሷን አየ፣ አንሶላውን አየ። ፈጣኑ የትምህርት ቤቱ ባንድ ድራመር ነው። ስሙን ያወጡለት ማንኛውንም ዘፈን በእግር ጀምሮ በሩጫ ስለሚጨርስ ነው። አፉም እንደ እጁ ነው፤ ከሐሳቡ ይቀድማል።

«የእርስዎ ነው ጋሼ!» ብሎ ጮኸ። «አንበሳ ነዎት!»

ወዲያው ገመዱን ከአዲሱ ነቅሎ ግንድ ላይ ሰካው። አባቷ አንሶላውን ገልጦ ሲገባ ሁሉም ነገር ከውሸቱ ጋር ገጥሞ ጠበቀው። ሚጡን ግንባሯን ሳማት፤ ግንድን ደግሞ እንደ ፈረስ ጀርባውን ቸብ ቸብ አደረገው።

«አላልኩም? ከግድግዳ ጀርባም ቢሆን አውቀዋለሁ አላልኩም?» አለና ስልኩን እየፈለገ ወደ ቤት ገባ።

ነገሩ የተጀመረው ትናንት ነው። የትምህርት ቤቱ የድሮ አምፕ ከተቃጠለ ወዲህ ባንዱ ያለ ቤዝ ነው የሚለማመደው። መምህሩ አዲሱን ለሙከራ ሰጣትና «የምትጫወቺው አንቺ ነሽ፤ ሰኞ ወይ እናስቀረዋለን ወይ እንመልሰዋለን በይኝ» አላት። አባቷ ይህን ማታ ከእሷ ሰማ። ዛሬ ጠዋት ከጥገና ክፍሉ ጠረጴዛ ሥር ግንድን እየጎተተ አወጣው።

ለግንድ ስሙን ያወጣለት የአባቷ የድሮ የሥራ ሸሪክ፣ አናጺው ነው። ለሁለት ተሸክሞ አንድ ጊዜ በደረጃ ያወጣው ሰው ስሙ ወዲያው ይገባዋል። ሚጡ ሳትወለድ አናጺው ሣጥኑን፣ አባቷ ሆድ ዕቃውን እየሠሩ በዚሁ ክፍል ውስጥ ዓመት ከምናምን አመረቱት። ከዚያ ገዢ ጠፋ፤ ሱቆቹም የወሰዱትን መለሱ። አናጺው በርና መስኮት ወደ መሥራቱ ተመለሰ፣ አባቷ የሰው ቴሌቪዥን ወደ መጠገኑ። ለምን እንደቆመ ሲጠየቅ «ሰው ድምፁን አልወደደውም» ይልና ወሬ ይቀይራል።

ስለ አሠራሩ ግን ከጀመረ ማን ያስቆመዋል። ግንድ ውስጡ አምፖል የሚመስሉ ቲዩቦች አሉት፤ እስኪሞቁ መጠበቅ ግድ ነው። አዲሱ ውስጡ አንድ ስስ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ብቻ ነው፤ እንደተከፈተ ይሠራል። «የግንድ ቮሊዩም ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚከፍተው። ሆን ብዬ ነው። ቤዝ የሚጫወት ሰው ድምፁን በጣቱ ይመጥነዋል እንጂ፣ ቁልፉ ገና ሲነካ ቤት የሚያናውጥ አምፕ እጅ ያባልጋል» ይላል። ሚጡ ይህን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስለሰማችው በአንድ ጆሮዋ አስገብታ በሌላው ታስወጣዋለች።

ውርርዱንም ያመጣው አባቷ ራሱ ነው። «ከአንሶላ ጀርባ ሁለቱንም አጫውቺልኝ። የእኔን ለይቼ ካወቅሁት፣ አናጺውን ጠርቼ ሥራውን እንደገና እንጀምራለን። ካላወቅሁት ግን ለማን ብዬ ነው የማስቀምጠው? እፈታዋለሁ።» አንድ ደንበኛ ግንድ ውስጥ ያለውን ትራንስፎርመር ሽጥልኝ እያለ ሲለማመጠው ከርሟል። ሚጡም ለአንዱ እንዳታዳላ ብላ የሁለቱንም የድምፅ ቁልፎች ተጠንቅቃ አስተካከለች፤ ፈጣኑን ለእርዳታ ጠራች፤ አባቷ በሩ ጋ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ይኸው የሆነው ሆነ።

«ምን ሆነህ ነው?» አለችው ፈጣኑን በሹክሹክታ።

«ምን ላድርግ? ካላወቀው ይፈታዋል አላልሽም?»

«ብልስ!»

«አቦ ተረጋጊ። ማን ሞተ? እሱ ደስ ብሎታል፣ ግንድ አይፈታም፣ አንቺ ሰኞ የፈለግሽውን ትመርጫለሽ። ማን ተጎዳ?»

ከቤት ውስጥ የአባቷ ድምፅ ይሰማል፤ ለአናጺው ደውሏል። «ማን ነው አትበለኝ፣ እኔ ነኝ! መጋዝህ አለ? … እንዴ፣ የበሩን አይደለም፣ የድሮውን!»

«ይኸው፣ ሊጀምሩ ነው» አለች ሚጡ። «ሰውየውን ሥራ ሊያስፈታው ነው።»

«እና ይጀምሩ። ላሽ በይው፣ ተይው።» ፈጣኑ ጃኬቱን አነሳ። የሠራው ሥራ ትንሽ ሳይከብደው አልቀረም፤ የወጣው ደህና ዋሉም ሳይል ነው።

ሚጡ ብቻዋን ቀረች። ውሸቱ ብቻ ቢሆን የምታደርገውን ታውቅ ነበር። ግራ የገባት ሌላ ነው። አባቷ የጎረቤት ሬዲዮ በግድግዳ ሰምቶ ስፒከሩ መቀደዱን የሚናገር ሰው ነው። የራሱን ሥራ እንዴት ሳተው? ወይስ አዲሱ የምር ይበልጣል? እሷም ስትጫወት አዲሱ የተሻለ መስሏት ነበር፤ መስሏት ነበር ወይስ አሁን ነው የመሰላት? ስለ ራሷ ጆሮ እንኳ እርግጠኛ መሆን አቃታት።

ጊታሩን አነሳችና ገመዱ እንደተሰካ ግንድ ላይ ያንኑ ዜማ ተጫወተች። ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ፣ የፈራ ነገር መሰላት። አዲሱ ላይ ሰካችው። የመስኮቱ መስተዋት ተንቀጠቀጠ። ቁልፎቹን አየች፤ ሁለቱም ቮሊዩሞች አምስት ላይ ናቸው። እንዳታዳላ ብላ ራሷ ያደረገቻቸው ናቸው።

ወደ ግንድ ተመለሰችና ቁልፉን ወደ ሰባት ገፋ አደረገችው። ደግማ መታችው። መስተዋቱ ተንቀጠቀጠ።

«ቀስ ብሎ ነው የሚከፍተው…» አለች ለራሷ።

ያ በአንድ ጆሮዋ ሲገባ፣ በሌላው ሲወጣ የኖረ ወሬ አሁን መሃል ላይ ቆመባት። የግንድ አምስት ከአዲሱ አምስት ያንሳል፤ አባቷ የመረጠው የሚሻለውን ሳይሆን የሚጮኸውን ነው። ያሞኘችው ደግሞ እሷ ናት፤ ያውም ፍትሐዊ ልሁን ብላ።

ደስ ሊላት ሲገባ የባሰ ተደናገረች። ይህ እውነት ነው ወይስ አባቷ እንዳይሸነፍባት ያገኘችው ምክንያት? ሁለቱን እያፈራረቀች ስትጫወት አንዴ ያኛው፣ አንዴ ይኼኛው ይሻላታል። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ከተናገረች ደግሞ ውርርድ ውርርድ ነው፤ ግንድ ሊፈታ ነው።

አባቷ እየሳቀ ተመለሰ። «ነገ ጠዋት እመጣለሁ አለኝ። መጋዙን ዘይት እየቀባው ነው!»

አሁን ካልተናገረች ነገ ሁለት ሰው ነው የምትዋሸው። ጊታሩን እንደታቀፈች «አባዬ» አለችው። «የመረጥከው የአንተን አልነበረም።»

ሳቁ ወዲያው አልጠፋም፤ ምን እንደሚያደርግ ያልገባው ይመስል ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ።

«ፈጣኑ ግን…»

«ዋሸህ። እኔም ዝም አልኩ።»

አባቷ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። እጁን ወደ ጠረጴዛው ሰዶ ጠመንጃ መፍቻውን አነሳ። «እንግዲህ ቃሌን ሰጥቻለሁ» አለ። ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር።

«ቆይ! መጀመሪያ ቁልፎቹን ልንገርህ። ስትሰማ ሁለቱም አምስት ላይ ነበሩ።»

«ማን ነው አምስት ላይ ያደረጋቸው?»

«እኔ። እንዳላዳላ ብዬ።»

መፍቻውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ሱቅ ውስጥም እኮ እንደዚሁ ነበር። ባለሱቁ ከሌሎቹ ጎን ያስቀምጠዋል። ገዢው ይገባል፣ ሁሉንም አምስት ላይ ያደርጋል፣ አንድ ሁለቴ ይመታል፣ ከዚያ ሌላውን ይዞ ይሄዳል። ቆሜ አይቻለሁ። በዓይኔ አይቻለሁ! ይህን ሁሉ ዓመት ድምፁን ጠሉት እያልኩ…»

ትከሻው ተንቀጠቀጠ። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ ሚጡ መለየት አቃታት። ሄዳ አጠገቡ ቆመች።

«ቁልፉን ቀስ እንዲል ያደረግሁት እኔ ራሴ ነኝ» አለ በመጨረሻ፣ ዓይኑን በእጁ ጀርባ እየጠረገ። «በይ አንሶላውን መልሺው። እኩል አድርጊያቸው፤ በጆሮሽ እንጂ በቁጥር አይደለም።»

እኩል አደረገቻቸው። አንዱን ተጫወተች፣ ሌላውን ተጫወተች።

«ድገሚው» አለ አባቷ ከአንሶላው ወዲያ። ደገመችው። «አሁን ደግሞ ያኛውን አስቀድሚ።» አስቀደመችው።

«አባዬ?»

«ይቸግራል። ይኼኛው ነው እላለሁ፣ ወዲያው ደግሞ ያኛው ይሆንብኛል።» አንሶላውን ገልጦ ብቅ አለ። ፊቱ ላይ ያለው ሐዘን አልነበረም፤ እንደሷው ግራ የገባው ፊት ነው። «አላወቅሁትም፣ ሚጡዬ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አላወቅሁትም።»

«እና ሊፈታ ነው?»

አባቷ መፍቻውን እያገላበጠ አየው። «የምትጫወቺው አንቺ አይደለሽ? አንቺስ የቱን ትያለሽ? ለእኔ ብለሽ እንዳትዋሺኝ፤ የዛሬው ይበቃናል።»

ሚጡ አሰበች። አዲሱ ቀላል ነው፣ ጥርት ያለ ነው፣ የትምህርት ቤቱን ደረጃ ለብቻዋ ልታወጣው ትችላለች። ግን ፈጣኑ ልምምድ ላይ መሮጥ ሲጀምር ምን እንደሚሆን ታውቃለች፤ ሁሉም አብሮት ይሮጣል፣ እሷም ጭምር። አሁን ግንድ ላይ ስትጫወት ጣቷ የሰጠውን ያህል ብቻ ነበር የመለሰላት፤ በኃይል ስትመታው ይቆጣል፣ ስትታገሥ ይታገሣል።

«ግንድን» አለች።

«ለምን?»

«ፈጣኑ ሲሮጥ አብሬው እንዳልሮጥ። ቀስ የሚል ነገር ያስፈልገኛል።» ደግሞ ጨመረች። «ለአንተ ብዬም ሊሆን ይችላል። ለይቼ አላውቀውም።»

አባቷ መፍቻውን ወደ ጠረጴዛው መለሰው። «አናጺው ግን ይምጣ። አንሶላውን እንዳታነሺው፤ እሱም ይስማና እንደኛ ይደናበር። ስለ ሥራው ከዚያ በኋላ እናወራለን።» ወደ ግንድ ዞሮ በእግሩ ገፋ አደረገው፤ ንቅንቅ አላለም። «ሰኞ የትምህርት ቤቱን ደረጃ እንዴት ልታወጪው ነው? የእኔ ወገብ እንደሆነ ዱሮ ቀርቷል።»

ሚጡ ስልኳን አወጣችና ለፈጣኑ «ነግሬዋለሁ» ብላ ጻፈችለት።

መልሱ ወዲያው መጣ። «አበድሽ እንዴ?! ምን አለ?»

ሁለቱንም አምፖች አጠፋች። የግንድ ቲዩቦች ብርሃን ቀስ እያለ እስኪከስም ጠበቀች፤ ከዚያ መለሰችለት።

«ሰኞ በጊዜ ና። ግንድን ደረጃውን የምታወጣው አንተ ነህ።»