አባባ ሙርዳኽ ያላወሩት አህያ

አባባ ሙርዳኽ ጉድጓዱ ጋ ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው አለቀሱ።

ኦፍራ እንደሚያለቅሱ ታውቅ ነበር። ይህን ታሪክ ቤት ውስጥ ሲነግሯት እዚህ ቦታ ላይ ሳያለቅሱ አልፈው አያውቁም። ወንድሞቹ የዮሴፍን ቀሚስ ገፈው ጉድጓድ ውስጥ ሲወረውሩት፣ አባባ ድምፃቸውን አቅጥነው ከታች እንደሚጣራ ልጅ አሥሩንም ወንድሞች በየስማቸው ይጠራሉ። ቤት ውስጥ ሲሆን ያስለቅሳል። ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ፣ ሠላሳ አራት ተማሪ ፊት፣ ሰፊ ሱሪ የለበሱና ራሳቸው ላይ የጠመጠሙ የሰባ ስድስት ዓመት ሽማግሌ በልጅ ድምፅ ሲጣሩ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ከኋላ ወንበር አንድ ሁለቱ አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑ።

መምህርቷ ቲርጻ እያንዳንዱ ተማሪ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአፍ ወደ አፍ የመጣ ታሪክ የሚናገር የቤተሰቡን አዛውንት እንዲያመጣ ካዘዘች ወር ሆኗታል። ኦፍራ «እኔ አያት የለኝም» ብላ ነበር። እናቷ የወላጆች ስብሰባ ላይ መጥታ «እንዴት የሉም? እኛው ጋ አይደል የሚኖሩት» አለችና ውሸቷ ተጋለጠ።

አባባ ከኩርዶች አገር፣ ከዛኾ ከተማ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ከመጡ ሠላሳ ዓመት ሞልቷቸዋል። ዕብራይስጣቸው ግን የገበያ ዕብራይስጥ ነው፤ ሚዛን፣ ቁጥር፣ ስድብ። ታሪክ የሚናገሩት በአባቶቻቸው ቋንቋ በአራማይክ ብቻ ነው። ከልጅ ልጆቻቸው ውስጥ ቋንቋውን የምትችለው ኦፍራ ብቻ ናት፤ እናቷ ሥራ ስትውል ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ እሳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ፣ እሷ አጠገባቸው ቆማ ትተረጉማለች።

«ሽማግሌው ምን ሆኖ ነው?» አለች ጋሊት ከፊት ወንበር። ጋሊት ስትስቅ ክፍሉ ይስቃል፣ ፊቷን ስታዞር ክፍሉ ያዞራል። ፈዛዛውን ሁሉ «ኩርድ» ብላ መጥራት የጀመረችው እሷ ናት፤ ኦፍራም ከሌሎቹ ጋር አብራ ስትስቅ ሁለት ዓመት ሆኗታል። «አህያው ሞቶበት ነው?»

ኦፍራ ትክክለኛው ቃል አፏ ላይ ነበር። ወንድሞቹ ወደ ጉድጓድ ጣሉት። ይኸው ነው፣ ከዚህ የሚቀል የለም።

«አህያው ጉድጓድ ገብቶበት ነው» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በእሷ ንግግር ክፍሉ ስቆ አያውቅም። ጋሊት ዞር ብላ ኦፍራን ገና አሁን እንዳየቻት ሁሉ ዓይን ዓይኗን አየቻት።

አባባ ቀጠሉ። ወንድሞቹ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቂጣ ሊበሉ ተቀመጡ። «አባቴ እዚህ ጋ ሲደርስ ጠግበው በሉ፣ ጣታቸውንም ላሱ ይል ነበር» አሉ። «እኔ ግን ይሁዳ ግማሹን ቂጣ ደረቱ ውስጥ ደበቀ እላለሁ። ማታ ሊወረውርለት።»

ለምን እንደቀየሩት ኦፍራ ታውቃለች። በዛኾ የረሃብ ዓመት፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ የታናሽ ወንድማቸውን ድርሻ ቂጣ ሰርቀው በልተዋል። ልጁ ክረምቱን አላለፈም። ይህን ለልጃቸው እንኳን አልነገሩም፤ ለኦፍራ ነው የነገሩት፣ አንድ ቀን ብቻ።

«አሥር ኩርዶች አፋፉ ላይ ቁጭ ብለው ምሳቸውን በሉ» ብላ ተረጎመች ኦፍራ። «አንደኛው ግማሹን ቂጣ ለአህያው ብሎ ደበቀና ረስቶት ተቀመጠበት።»

የሚስቁት ተማሪዎች ጠረጴዛ መደብደብ ጀመሩ። መምህርት ቲርጻ እንኳን ፊቷን በደብተር ከልላ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

አባባ አቆሙ። ተማሪዎቹን አዩ፣ ከዚያ ኦፍራን።

«ምን አስቃቸው፣ ዓይኔ?» አሏት።

«ታሪኩን ወደውት ነው፣ አባባ።»

ከሚገባው በላይ ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ የቀረውን አሳጥረው ተናገሩና፣ ሮቤል ባዶው ጉድጓድ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚያለቅስበትን ዜማ ሳያዜሙት አለፉ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለክፍሉ እጅ ነሱ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። አንዱ እንደ አህያ አናፋ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ምንም አላሉም። ኦፍራ ደክሟቸው ነው ብላ አሰበች።

በማግስቱ ጠዋት ከመኝታቸው ሆነው ጠሯት። «ኦፍራ። ውሃ አምጣ።»

በዕብራይስጥ ነበር። ኦፍራ ሳቀች። «አባባ፣ ለሴት ልጅ እኮ አምጪ ነው የሚባለው።» እሷ የመለሰችው በአራማይክ ነው።

«ውሃ» አሉ እሳቸው። «አምጣ።»

መጀመሪያ ልምምድ መሰላት፤ ከተማሪዎቹ ጋር መነጋገር አምሯቸው ይሆናል። ምሳ ላይ «ጨው ስጥ» አሏት። ማታ «መብራት አጥፋ»። በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ አባባ ደረጃው ላይ ከጎረቤታቸው ጋር በአራማይክ ሲያወሩ፣ ሲያስቁም ሰማቻቸው። እሷ ብቅ ስትል ወሬያቸውን ቆረጡ። «ሰላም» አሏት፤ ለሻጭ እንደሚሉት።

እናቷ ወጥ ቤት ለአርብ ማታ ኩቤ፣ የሊጥ ድቡልቡል፣ በሥጋ እየሞላች ነበር።

«እማዬ፣ አባባ ምን ሆነዋል?»

እናቷ እጇን ከሊጡ ሳታወጣ «አንቺ ንገሪኝ እንጂ» አለች። «ከትምህርት ቤት የመጡ ዕለት ‘ልጅሽ ስንት ጊዜ አህያ እንዳለች ቆጠርኩ፣ አሥራ አንድ ጊዜ’ አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም።»

ኦፍራ ደረቀች። «በዕብራይስጥ እኮ ነው ያልኩት። አይገባቸውም።»

«አህያ የሚለው አይገባቸውም?» እናቷ አሁን ቀና አለች። «ሃያ ዓመት ገበያ ውስጥ ጆንያ ሲሸከሙ ነጋዴዎቹ በስማቸው የሚጠሯቸው ይመስልሻል? አባቴ ከዕብራይስጥ መጀመሪያ የለመዱት ቃል እሱ ነው።»

«ታዲያ ለምን እዚያው አላቆሙኝም?»

«ሰው ፊት እንዳትዋረጂ ነዋ። አንቺ እንዳዋረድሻቸው።» እናቷ አንድ ኩቤ ድቡልቡል አድርጋ ትሪው ላይ አስቀመጠች። «በይ፣ ከፊቴ ዞር በይ አሁን።»

ኦፍራ አባባ ክፍል ገብታ መሬት ላይ ተንበረከከች። የምታውቀውን የይቅርታ ቃል ሁሉ በአራማይክ ደረደረች። እጃቸውን ልትስም ስትይዝ አልከለከሏትም፤ እጃቸው ግን የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል በድን ሆኖ ተቀመጠላት።

«ገባኝ» አሉ በዕብራይስጥ። «ሂድ።»

ትምህርት ቤት ግን ነገሩ ተቃራኒው ነበር። ጋሊት አጠገቧ ቦታ ያዘችላት፣ ቤቷም ጠራቻት። «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ቀልድ የት ደብቀሽው ነበር?» አለቻት። መምህርት ቲርጻ ደግሞ ታሪኩን በትምህርት ቤቱ መጽሔት ላይ ላወጣው ነው ብላ እንድትጽፈው ጠየቀቻት። ርዕሱንም ራሷ አውጥታለታለች፤ «የሙርዳኽ አህያ»።

ኦፍራ እሺ ብላ ወረቀቱን ወሰደች። ሁለት ቀን ሙሉ አንድም ቃል አልጻፈችበትም። በሦስተኛው ቀን እውነተኛውን ታሪክ ልጻፍ ብላ ተቀመጠች፤ ሮቤል ጋ ስትደርስ ግን እርሳሷ ቆመ። ዜማው ውስጥ ያለው አራማይክ አሮጌ ነው፣ አባባ ራሳቸው ከዓይነ ስውር አክስታቸው የተማሩት። ሲያዜሙት መቶ ጊዜ ሰምታለች፤ ቃሉን ግን አንድም ቀን አልጠየቀችም።

ወረቀቱን ይዛ ሄደች። «አባባ፣ ሮቤል ጉድጓዱ ላይ ሆኖ የሚለውን ይንገሩኝ። እጽፈዋለሁ። በትክክል እጽፈዋለሁ።»

ሽማግሌው ወረቀቱን አዩ። ማንበብ አይችሉም።

«አህያ ጠይቅ» አሏት።

ኦፍራ ወጥታ መታጠቢያ ቤት ገባች፣ የቧንቧውን ውሃ ከፍታም አለቀሰች። ከሳቸው ሌላ የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም።

በማግስቱ መምህርቷን ቢሮዋ አገኘቻት። ቆማ ሁሉንም ነገረቻት፤ አህያ እንዳልነበረ፣ ታሪኩ የዮሴፍ እንደሆነ፣ ሁሉንም ከራሷ እንዳወጣችው። መምህርት ቲርጻ መነጽሯን አወለቀች። ፊቷ ቀልቶ ነበር፤ ስትስቅ የነበረው ትዝ ሳይላት አልቀረም።

«ለምን እስካሁን ዝም አልሽ? እኔ እኮ የሰማሁትን ራሴ ጽፌ ለኅትመት ሰጥቼዋለሁ፤ አንቺ ስትዘገዪ ጊዜ» አለቻት። «የዮሴፍን ታሪክ ደግሞ ማን የማያውቅ አለ? ልጆቹ የወደዱት የአህያውን ነው።»

«እሺ። ግን የሳቸውን ስም ይሰርዙት፣ ቲቸር።»

«እና በማን ስም ይውጣ?»

«በኔ። ‘ኦፍራ የፈጠረችው’ ይበል። ክፍል ውስጥም እኔ እናገራለሁ።»

ተናገረችም። ሰሌዳው ፊት፣ አባባ በቆሙበት ቦታ ቆማ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። እንደጨረሰች መጀመሪያ የተናገረችው ጋሊት ናት።

«የገዛ አያትሽን?» አለች። «እኔ እንኳን እንደዛ አላደርግም። ያስጠላል እኮ።» ደብተሯን ሰብስባ ከኦፍራ ወንበር አጠገብ ተነሳችና ወደ ሌላ ቦታ ሄደች። ያን ቀን በእረፍት ሰዓት ኦፍራ በኮሪደሩ ስታልፍ አንድ ልጅ አናፋ። ሌሎቹም ተቀበሉት። አሁን አህያዋ እሷ ነበረች፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻም እሷው ሆነች።

ቤት ውስጥ ይህን አልነገረችም። አባባም ቋንቋቸውን አልመለሱላትም።

አንድ የሰንበት ከሰዓት፣ ቤተሰቡ ሁሉ ምሳ በልቶ ሲተኛ፣ አባባ በረንዳው ላይ ተቀምጠው የሱፍ ፍሬ ይፈለፍሉ ነበር። የኦፍራ የአምስት ዓመት እህት ሃዳሳ እግራቸው ሥር ሆና ትነዘንዛቸዋለች።

«አባባ፣ ተረት።»

«የለም» አሉ።

«ለኦፍራ ትነግራት ነበር።»

«አለቀ።»

ኦፍራ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ተመልሳ ልትገባ አሰበች። ከዚያ መጥታ ከሳቸው ወንበር ራቅ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና «ነይ፣ እኔ ልንገርሽ» አለቻት። ሃዳሳ መጥታ ጭኗ ላይ ተጋደመች።

አንድ ዓረፍተ ነገር በአራማይክ ትናገራለች፣ ቀጥላ ለሃዳሳ በዕብራይስጥ ትተረጉመዋለች። ያዕቆብ፣ ቀሚሱ፣ ሕልሞቹ፣ መንገዱ። ጉድጓዱ ጋ ስትደርስ በልጅ ድምፅ አሥሩንም ወንድሞች ጠራች። ሃዳሳ አልሳቀችም። አባባ ወደ መንገዱ እያዩ ፍሬያቸውን ይፈለፍላሉ።

«ከዚያ ወንድሞቹ አፋፉ ላይ ቂጣ ሊበሉ ተቀመጡ። ይሁዳ ግማሹን ደበቀለት» አለች ኦፍራ። «ከወንድሞቹ አንዱ ደግሞ ሳቀ። ከሁሉም በላይ እሱ ነው የሳቀው።»

«ለምን?»

«ሌሎቹ ይስቁ ነበራ። ካልሳቀ እሱንም የሚጥሉት መሰለው።»

«ዮሴፍ ሰማው?»

«ሰማው። ድምፁንም ለየው።» ኦፍራ ወደ አባባ ቀና አላለችም። «ይህን የጨመርኩት እኔ ነኝ። አባባ እንዲህ ብለው አያውቁም።»

የሽማግሌው ጣቶች ፍሬው ላይ ቆመው ነበር። ከዚያ ፈለፈሉት።

ነጋዴዎቹ መጡ፣ ዮሴፍ ተሸጠ፣ ግመሎቹ ሄዱ። ሮቤል ማታ ተመልሶ መጥቶ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አለ። ባዶ ነው።

«ሲያየው ምን አለ?» አለች ሃዳሳ።

ኦፍራ አፏን ከፈተች። የሆነ ነገር ማለት ትችል ነበር። ወንድሜ ወዴት ሄድክ፣ እኔስ ወዴት ልሂድ፤ እንዲህ ያለ ነገር። ሃዳሳ በምን ታውቃለች።

«አላውቀውም» አለች።

ሃዳሳ ወደ ወንበሩ ዞረች። «አባባ፣ ሮቤል ምን አለ?»

አባባ ሙርዳኽ በአገጫቸው ወደ ኦፍራ አመለከቱ። «እሱን ጠይቅ» አሉ በዚያው በተሰባበረ ዕብራይስጥ።

ሃዳሳ ተመልሳ እህቷን አየች።

«አላውቀውም አልኩሽ እኮ» አለች ኦፍራ። «ዜማ ነው። ረጅም ነው።»

ዜማው የሚፈጀውን ያህል ጊዜ ዝም ብላ ተቀመጠች። አባባ አልተነሱም። መንገዱ ላይ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ድምፅ ይሰማል። ጊዜው ያለፈ ሲመስላት «ከዚያ በኋላ ወንድሞቹ ፍየል አረዱ» አለች፣ መጀመሪያ በአራማይክ፣ ቀጥላም ለሃዳሳ።