ምልክቴን ማን ነካው?

ስልክ ላይ ስታወራ ብትሰሟት በፍቅሯ ነበር ክንፍ የምትሉት። እውነቴን ነው! በአክስቷ የቆዳ ክሊኒክ ውስጥ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ለደዋይ ታስረዳለች።

«ቦቶክስ ማለት እናቴ፣ የሚኮማተረውን ጡንቻ ለጥቂት ወር ማሳረፍ ነው። ፊለር ደግሞ የጎደለውን መሙላት። ፒሊንግ? የላይኛውን ቆዳ በመድኃኒት መላጥ። ኧረ እንደ ድንች አይደለም!»

ከመጋረጃ ጀርባ ለምን? ግራ ጉንጯ ላይ፣ ከዓይኗ ሥር እስከ አገጯ የሚወርድ ወይን ጠጅ ምልክት አላት። አብሯት የተወለደ ነው። እናቷ «ማርያም ስማሽ ነው» ትላት ነበር። የክፍል ልጆች ግን «ካርታ» አሏት፤ ስሙም በዚያው ተጣበቀባት። ዶክተሯ አክስቷ ደግሞ የራሷ አባባል አላት።

«ሐሙስ ሌዘር እንጀምርልሻለን። ሲለቅልሽ እንግዳ መቀበያው ላይ ትቀመጫለሽ። እስከዚያ ደንበኛ እንዳታስደነግጪብኝ።»

«እሺ አክስቴ» አለች ካርታ። እሺ ያለው ግን አፏ ብቻ ነው።

ከሌዘር በፊት፣ ኋላ ለውጡን ለማነጻጸር፣ የ«በፊት» ፎቶ የግድ ነው። ሕጉም ሕግ ነው፦ ፀጉር ወደ ኋላ፣ ኩል የለም፣ ቅባት የለም፣ ሳቅ በፍጹም የለም። የክሊኒኩ ፎቶ አንሺ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያፍር ሌንሱን የሚወለውል ልጅ ነው። ሌንሱ ታዲያ ሁልጊዜ ንጹህ ነው።

«አትሳቂ» አላት።

«ሳቅኩ እንዴ?»

«ዓይንሽ ስቋል።»

«ታዲያ ዓይኔን ቦቶክስ አስወጋልኝ!»

ፍርስ ብሎ ሳቀ። ከዚያ ካሜራውን ዝቅ አደረገ። ትክ ብሎ አያት፤ እንደ ሌላው ሰው ምልክቱ ጋ ሲደርስ ዓይኑን አልሰበረም። ሦስት ፎቶ ለማንሳት አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። ማን ቸኮለ?

በማግስቱ አክስቷ ኮምፒውተሩ ፊት ቆማ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። «ነይ ሲለቅልሽ ምን እንደምትመስዪ እዪ!»

አየች። ፊቱ የራሷ ነው፤ ግራ ጉንጩ ግን እንደ እንቁላል ልሙጥ። ምልክቷ የለም።

ዞር አለች። ፎቶ አንሺው ሌንሱን ይወለውላል።

«አንተ ነህ ያጠፋኸው?»

«እኔ... እጄ ነው። ዶክተር የ‹በኋላ› ፎቶ ሁሉ ትንሽ አሳምር ስለሚሉኝ እጄ ለምዶበታል። ያንቺ ‹በፊት› መሆኑን ረስቼ...»

አክስቷ ሳል ያዛት።

«እኔ ሞኟ፣ ያየኸኝ መስሎኝ ነበር!» አለችና መጋረጃዋ ጀርባ ገባች።

አለቀሰች? ትንሽ። እያለቀሰች ግን አንድ ነገር ገረማት። ያቺን ልሙጥ ልጅ ስታያት ደስ አላላትም። ምልክቷ ነው የናፈቃት። ሰው ሲሰደብበት የኖረውን ይናፍቃል እንዴ?

ሐሙስ ጠዋት ፎቶ አንሺው ከመጋረጃው ማዶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዋናውን ፎቶ መልሼዋለሁ። ለዶክተርም ነገርኳቸው፤ ከዛሬ ጀምሮ የማንንም ፊት አላሳምርም፣ ካልፈለጉ ያባርሩኝ አልኳቸው።»

«ምን አለችህ?»

«እያሰቡበት ነው።»

ሳቋን ዋጠችው።

«ሌዘሩን ከፈለግሽው ግን ግቢ» አለ ቀስ ብሎ። «ጉንጩ ያንቺ ነው። ኖረ ጠፋ፣ እኔ ዓይንሽ ሲስቅ አውቀዋለሁ።»

የመጋረጃው ቀለበቶች ተንሿሹ፤ ጥርግ አድርጋ ከፈተችው። «ካሜራህን አምጣ! ኩሌን ተኩዬ፣ ጥርሴን እያሳየሁ ነው የምታነሳኝ!»

ፎቶው ታተመ። ካርታ ራሷ ይዛው ሄዳ መቀበያው ክፍል ግድግዳ ላይ፣ የታከሙ ደንበኞች ፎቶ ከተደረደረበት «በኋላ» ከሚለው ጽሑፍ ሥር ለጠፈችው። ከዚያ መቀበያው ወንበር ላይ ተመቻችታ ቁጭ።

አክስቷ የሌዘር መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ወጣች። «ማሽኑ ዝግጁ ነው፣ ምን ትጎለቻለሽ?»

«አልፈልግም አክስቴ። ለሚፈልገው ይሁንለት፤ እኔ አልፈልግም።»

«ወንበሩስ?»

«ተቀምጬበታለሁ'ኮ።»

«ደንበኛ ይሸሻል እያልኩሽ!»

ይሄኔ በሩ ተከፈተ። አንዲት ትልቅ ሴት ገቡ።

«እንደምን አደሩ፣ ምን እንርዳዎት?»

«ውይ ድምፅሽ! የስልኳ ልጅ አንቺ ነሽ? የድንቿ!» ሳቁና ቀና ሲሉ ግድግዳው ላይ ዓይናቸው አረፈ። ፎቶውን አዩ፣ እሷን አዩ። «ምን ተደርጎልሽ ነው እንዲህ ያማረብሽ?»

«ምንም።»

አክስቷ የሌዘር መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች።

«እና ይሄን ማን አነሳው?» አሉ ሴትየዋ።

ካርታ ፎቶ አንሺው ወደቆመበት ጥግ አየች።

«የምወደው ልጅ» አለች፣ አክስቷ እንድትሰማ ጮክ ብላ።

ፎቶ አንሺው ሌንሱን ሊወለውል እጁን ሰደደ። ቀድማ እጁን ያዘችው።