ሜዳው ሳይበቅል ቁልፍ የለም

ፈነት ኤዶሳ እባላለሁ። ሥራዬ ሜዳ ማብቀል ነው። ሳቁ እንጂ፣ ምን ቸገረኝ! አባቴም መጀመሪያ ስነግረው ስቋል። ዛሬ ግን ሰው ካገኘ ከስሜ በፊት ሥራዬን ነው የሚናገረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ሚኒሶታ ያለን የአገራችን ሰዎች ማኅበር መሥርተው ኒው ሆፕ ከተማ ውስጥ ቤት መሥራት ጀመሩ። ቦታው ለዓመታት ማንም ያልነካው፣ ንብና ቢራቢሮ የሞላው የዱር ሜዳ ነበር። የከተማው አስተዳደር «ሥሩ፤ ግን ያጠፋችሁትን ሜዳ ሌላ ቦታ ተኩ። ምትኩ ሳይበቅል ቁልፍ አይሰጥም» አላቸው። ማኅበሩም ከዉድበሪ ወጣ ብሎ አንድ የድሮ የበቆሎ ማሳ ገዛና እኔን ቀጠረኝ።

ይህንኑ ለአባላቱ ላስረዳ የቤተክርስቲያናችን አዳራሽ ውስጥ ስቆም፣ ከፊት ወንበር አንድ ወጣት እጁን አወጣ።

«እነዚህ ንቦች የቤት ሬንት ይከፍላሉ?»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ደሜ ፈላ።

«አንተ ከመምጣትህ በፊት እዚያ ነበሩ» አልኩት። «ሬንት መክፈል ያለብህ አንተ ነህ።»

ሳቁ ወደ እሱ ዞረ። እሱ ግን አልተቀየመም፤ ፈገግ ብሎ አየኝ። እኔም ቶሎ ዓይኔን ከእሱ ላይ አላነሳሁም።

አለልኝ ይባላል። ዉድበሪ ውስጥ ነርስ ነው፤ የማኅበሩም ጸሐፊ። እናቱ ሆፕኪንስ ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት የሌለው ሕንፃ ውስጥ ይኖራሉ፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። አዲሱ ቤት ደረጃ የለውም። እሳቸው የሚጠብቁት ያንን ቤት ብቻ ነበር።

ዘሩ በበቀለ ሰሞን አለልኝ ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ወደ ማሳው ድራይቭ እያደረገ መምጣት ጀመረ። እኔ ተንበርክኬ ቡቃያውን አሳየዋለሁ።

«ይሄ የቢራቢሮ ምግብ ነው። ይሄ ረጅሙ ሣር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሥር ነው የሚሰዱት፤ ላላወቀ ሰው አረም ይመስላሉ። ገባህ?»

«በደንብ!»

ቀና ስል ግን ዓይኑ ፊቴ ላይ ነው። ምን ልዋሽ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

በጁላይ፣ ምትኩ ሜዳ መብቀሉን የምታረጋግጠው የከተማው ኢንስፔክተር ልትመጣ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ አለልኝ ደወለልኝ። «ሰርፕራይዝ አለሽ፤ ቶሎ ነይ» አለኝ። ስደርስ መንገዱ ዳር መኪና ተደርድሯል። የማኅበሩ አባቶችና እናቶች፣ ሽማግሌው ጋሽ ቸሩ ፎጣቸውን ራሳቸው ላይ ጠምጥመው ከፊት፣ ሁሉም መኮትኮቻ ይዘዋል። ማሳው እንደ ጤፍ መሬት ለስልሷል። አንዲት ቅጠል የለችበትም።

«ደቦ ጠርቼልሽ ነው!» አለ አለልኝ፣ ፊቱ በርቶ። «ኢንስፔክተሯ አንድ አረም ብታገኝ ምን አለ በይኝ!»

«ምነው ልጄ» አሉ ጋሽ ቸሩ፣ «እኛ እያለን መሬቱ እንዲህ ዳዋ ሲለብስ ዝም ትያለሽ?»

ጉድ ፈላ! ያ ሁሉ ልፋቴ ተነቅሎ፣ በየቦታው ተከምሮ ፀሐይ ላይ ጠውልጓል። ልጮህ አፌን ስከፍት የጋሽ ቸሩ መዳፍ ውሃ ቋጥሮ አየሁት። እነሱን ምን ብዬ እቆጣለሁ? «እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸውና አለልኝን ወደ ዳር ጎተትኩት።

«የነቀላችሁት ሜዳውን ነው።»

«የቱን?»

«ሁሉንም! አሳይቼህ አልነበር?»

ጎንበስ ብሎ አንድ የጠወለገ ቡቃያ አነሳ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ስታሳዪኝ አንቺን ነበር የማየው» አለ።

ሌላ ቀን ቢሆን ልቤ ይቀልጥ ነበር። ያን ቀን ግን «ከዓይኔ ጥፋ» አልኩት። አባቴም ሲሰማ «የልጄን ሥራ የነቀለ ሰው በሬን እንዳያንኳኳ!» ብሎ ፎከረ።

በሳምንቱ፣ ኢንስፔክተሯ ባዶውን ማሳ አይታ ቁልፉን ከከለከለችን በኋላ፣ ማኅበሩ ተሰበሰበ። አባቴ አብሮኝ መጥቶ ከኋላ ቆመ። ስሜ ሊጠፋ ነው ብዬ ልናገር ስነሳ አለልኝ ቀደመኝ።

«ቤታችን አንድ ዓመት ይዘገያል» አለ። «ጥፋቱ የፈነት አይደለም፤ የአባቶቻችንም አይደለም። እሷ ነግራኛለች፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ለኢንስፔክተሯም ይህንኑ ነግሬያታለሁ።»

አዳራሹ አጉረመረመ። እናቱ ወንበራቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«ልጄ አጥፍቷል። እንግዲህ ደረጃውን አንድ ዓመት እወጣለኋ! አንቺ ልጅ፣ መልሰሽ ታበቅይዋለሽ?»

«አበቅለዋለሁ፣ እማማ።»

ቅጠል ሲረግፍ፣ የሚኒሶታ ብርድ መግቢያ ላይ ከአንድ የቆየ የዱር ሜዳ ዘር እንድንለቅም ተፈቀደልን። ያው ደቦ ተመልሶ መጣ። አለልኝ ራቅ ብሎ ይቆምና «ይሄን ልንካው?» እያለ ይጠይቀኛል። እኔም «አዎ»፣ «አይ» ብቻ። ከቀን ወደ ቀን ጥያቄው እየቀነሰ ሄደ። ጎንበስ ብሎ ቅጠሉን ሲያገላብጥ ሳየው ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ። አንድ ቀን ሳይጠይቀኝ ሲቀር ቅር አለኝ፤ እኔው ሄጄ «ዛሬ አትጠይቀኝም?» አልኩት። ቀና ብሎ ሳቀ። ታረቅን።

የዱር ዘር ብርድ ሳያገኘው አይበቅልምና፣ መሬቱ ውርጭ ሲይዝ ዘሩን በእጃችን በተንነው። አባቴ ጓንቱን አውልቆ ከአለልኝ ጎን ተሰለፈ። ሁለቱም አንድ ቃል ሳይናገሩ ማሳውን ዳር እስከ ዳር ዘሩት።

በቀጣዩ ጁላይ ኢንስፔክተሯ ተመልሳ መጣች። እኛ መንገዱ ዳር ቆመናል። ተንበርክካ አየች፣ ተነሳች፣ ሌላ ቦታ ሄዳ ደግሞ ተንበረከከች። ጋሽ ቸሩ ጸሎታቸውን ያነበንባሉ። በመጨረሻ ወደ እኔ መጥታ እጄን ጨበጠችና «አልፏል፤ ቁልፋችሁን ውሰዱ» አለች። አባቴ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው «ልጄ ናት! የሠራችው ልጄ ናት!» እያለ ይከተላታል። እንዲያ ኮርቼ አላውቅም።

አለልኝ እንባውን ሲጠርግ አጠገቡ ሄድኩ።

«ሽማግሌ ላክ» አልኩት።

«አባትሽስ?»

«አንተ ላክ ብዬሃለሁ።»

እሑድ ጋሽ ቸሩ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጥተው ሳሎናችን ውስጥ ቆሙ። አባቴ ተቀመጡ ቢላቸው «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ።

«ልጁ ጥፋቱን በሰው ሁሉ ፊት ሲናገር ሰምቼዋለሁ» አለ አባቴ። «እንዲህ ላለ ሰው ልጄን ብሰጥ እኮራለሁ። ተቀመጡ።»

ሙሽራ በጓዳ ዝም ትላለች ይባላል። እልልታውን ያቀለጥኩት ግን እኔው ራሴ ነኝ።