በአየር ላይ የቀሩ ፈረሶች

ዲስኩ ከቦታው የለም።

የብረት ሳጥኑ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቁልፉ አልተሰበረም፤ አልተፋቀም። ውስጡ ያለው ሰርቨር፣ ጨዋታው ሁሉ የሚያልፍበት ኮምፒውተር፣ ግንባሩ ላይ ሁለት የዲስክ ማስገቢያዎች አሉት። በቀኙ አረንጓዴ መብራት ይበራል። ግራው እንደ ወለቀ ጥርስ ባዶውን ቀርቷል።

ኢንስፔክተር ሸዋገነት እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ጎንበስ አለች። ምንም ሳትነካ ረጅም ጊዜ የማየት ልማድ አላት። ባልደረቦቿ «ፎቶ አንሺዋ» እያሉ ያሾፉባታል።

«ምኑ ይታያል? ሰረቀችን እኮ!» አለ የቢሮው ባለቤት አቶ ዳኛው ከኋላዋ። «ልፋቴን ሁሉ በቦርሳዋ ይዛው ሄደች!»

«ማን?»

«ኢልሃም ናታ! ሌላ ማን አለ?»

ቀኑ የ2010 ዓ.ም. ጥምቀት ነው። ከመስከረም ጀምሮ ጎንደር ውስጥ የዳኛውን ማስታወቂያ ያላየ ሰው የለም። «ጉግስ ሜዳ! በጥምቀት ዕለት ሁላችንም ፈረስ ላይ!» ይላል። በስልክና በኮምፒውተር የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ከአዘዞም ይሁን ከአዲስ አበባ የገባ ሁሉ በአንድ ሜዳ ላይ፣ በአንድ ጊዜ ፈረስ ይጋልባል፤ ዘንግ ይወረውራል። የመግቢያ ካርዱ ቀኑ ገና ሳይደርስ ተሸጦ አልቋል። ዛሬ ጠዋት ውሃው ተባርኮ እንዳበቃ ጨዋታው ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ተበላሸ።

ኢልሃም ጨዋታውን የሠራችው ባለሙያ ናት። በዚህ ሳምንት ከዳኛው ጋር ተጣልታ ሥራዋን ለቃለች። ዛሬ ግን እዚህ ቁስቋም፣ ዳኛው ቢሮ ያደረገው ቪላ ውስጥ፣ መጥታ ነበር።

«ዲስኩን ስትነቅለው ጨዋታው ያኔውኑ ቆመ» አለ ዳኛው። «እኔ ፒያሳ ሆቴል ከስፖንሰሮቹ ጋር ተቀምጬ ነበር። በዓይኔ ነው ያየሁት። ድርግም አለ!»

«ለሁሉም ሰው?»

«ለሁሉም! ታች ኢንተርኔት ቤት ያለው ጃቢርም አለበት። ዛሬ ስልክ ደውሎ ‹ቢሮህን አናትህ ላይ አፈርሰዋለሁ› ብሎኛል። ተመካክረው ነው። ልጅቷ ዛሬውኑ ትታሰርልኝ፤ ስፖንሰሮቹ ሆቴል እየጠበቁኝ ነው፤ ምን ብዬ ልመለስ?»

ሸዋገነትን በበዓል ቀን ተጠርታ መምጣቷ አላናደዳትም። የሚታሰረው ሰው ስም ከወንጀሉ ቀድሞ ሲነገራት ግን ደሟ ይፈላል።

ወደ ግቢው ወጣች። የዳኛው ነጭ መኪና ከዛፉ ጥላ ሥር ቆሟል። በሩ አጠገብ ዘበኛው አያ ሐብተ ማርያም ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመዋል።

«አያ ሐብተ ማርያም፣ ልጅቷን ያስገቧት እርስዎ ነዎት?»

«እኔው ነኝ። አቶ ዳኛው ደውሎ ‹አስገባት› አለኝ።»

«እሱ ነው የጠራት?»

«እሱ ነው እንጂ! ‹ድረሽልኝ› ብሎ ለምኗት። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ስትታገል ቆየች። ኋላ እንባዋ እየወረደ ወጣች። ‹ምነው ልጄ?› ብላት ‹አባባ፣ መሠረት የሌለው ቤት ጣራው ቢጠገን ምን ይሆናል› አለችኝ።»

«ቦርሳ ይዛ ነበር?»

«ይዛለች። ያን የሚታጠፍ ኮምፒውተሯን።»

«የብረት ሳጥኑን ቁልፍስ?»

«ሥራ የለቀቀች ዕለት ለእኔ ሰጠችኝ፤ እኔም ለአቶ ዳኛው አስረከብሁ። ሌላ ቁልፍ የለውም።»

«እሷ ከወጣች በኋላ ማን ገባ?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «እሱን አላውቅም። ታቦቱ ተነሣ ሲሉኝ የውጭውን በር ቆልፌ ወደ ዋናው መንገድ ወረድሁ። ከወጣቶቹ ጋር ምንጣፍ ሳነጥፍ ቆየሁ። ታቦት ሲመጣ ቤት የሚቀመጥ አለ?»

«የለም» አለች ሸዋገነት።

የጃቢር ኢንተርኔት ቤት በእግር የሚደረስ ነው። በሩ ላይ ወጣቶች ተደርድረዋል። ውስጥ ጩኸት ነው። ጃቢር ወንበር ላይ ቆሞ እጆቹን ያወራጫል።

«ጃቢር አንተ ነህ?»

ዩኒፎርሟን ሲያይ ከወንበሩ ዘሎ ወረደ። «አልሐምዱሊላህ! ሊያስሩኝ ከሆነ ቶሎ ይበሉ፤ እነዚህ ሳይበሉኝ።»

«አቶ ዳኛው ላይ ዝተሃል።»

«ዝቻለሁ! ካርዱን የሸጥሁላቸው እኔ፣ አንገቴን የሚይዙት እኔን። እሱ ሆቴል ተቀምጦ ለስላሳ ይጠጣል!»

«ከጠዋት ጀምሮ የት ነበርህ?»

«የት እሄዳለሁ? ይጠይቋቸው፤ ሽንት ቤት እንኳ አላሳለፉኝም።»

«ገንዘባችንን ሳትመልስ ሽንት የለም!» አለ አንዱ ከኋላ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሳቁ ግን የቁጣ ሳቅ ነበር።

ሸዋገነት አልሳቀችም። ዓይኗ በቅርቧ ያለው ስክሪን ላይ ተተክሏል።

ፈረሶች ሰማይ ላይ ተንጠልጥለዋል። እግሮቻቸው ወደ ታች ተዘርግተው፣ ልክ ገበያ ላይ እንደተሰቀለ ልብስ። አንድ ፈረሰኛ እስከ ወገቡ መሬት ውስጥ ገብቷል። ስክሪኑ ፊት የተቀመጠችው ልጅ ቁልፍ ነካች። ከሰማይ ፈረሶች አንዱ አንገቱን ቀስ ብሎ አዞረ።

«ይህ መቼ የተቀረጸ ነው?»

«ምን የተቀረጸ አለው?» አለች ልጅቷ። «አሁን ነው። ይቺ የእኔ ፈረስ ናት። ቀድመን የገባን መውጣት አቃተን፤ ውጭ ያሉት መግባት አቃታቸው።»

«አንዴም ድርግም ብሎ አልጠፋም?»

«ቢጠፋማ ሸጋ ነበር! ተስፋ እንቆርጥ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ልጅቷን ለብቻ ወደ በሩ ወስዳ ከመጀመሪያው እንድትነግራት ጠየቀቻት። ቀጥላ ሌላውን ወጣት። ከዚያ ሌላውን። የሦስቱም ቃል አንድ ሆነ። ጥቂት ሰው እያለ ጨዋታው ደህና ነበር። ሰው ሲበዛ ፈረሱ ከበደ። የወረወሩት ዘንግ ዘግይቶ ራሳቸውን መታቸው። ከዚያ ፈረሶቹ ከመሬት ለቀቁ። በመጨረሻ በሩ ተዘጋ።

የተነቀለ ነገር እንደዚያ አይሞትም። ይህ በሽተኛ ነው፤ ከመወለዱ በፊት የታመመ።

ወደ ቪላው ስትመለስ ኢልሃም በፖሊስ ታጅባ ደርሳ ነበር። ቀጭን፣ ሻሿን በጥድፊያ ያሰረች ወጣት ናት። ሸዋገነት ሁሉንም የብረት ሳጥኑ ፊት አቆመቻቸው።

«ኢልሃም፣ ዲስኩን ነቅለሻል?»

«አልነቀልሁም።»

«ይህን ጨዋታ መግደል ብትፈልጊ ኖሮ ምን ትነቅያለሽ?»

ልጅቷ ግራ ተጋብታ አየቻት። «የመብራት ገመዱን። ዲስክ ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም።»

«ለምን ሁለቱንም?»

«ሁለቱ ላይ ያለው አንድ ዓይነት ነው። አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲቀጥል ብዬ ነው እንዲህ ያደረግሁት። አንዱን ብቻ ነቅሎ ጨዋታውን የገደለ የመሰለው ሰው፣ እኔ አይደለሁም።»

«ውሸቷን ነው!» አለ ዳኛው። «ዲስኩ ሲነቀል ነው የጠፋው!»

«አልጠፋም፤ አሁን አይቼው መጣሁ» አለች ሸዋገነት። «አቶ ዳኛው፣ ከሆቴሉ በምን መጡ?»

«በ... በመኪናዬ።»

«መቼ ደረሱ?»

«ለእናንተ ስደውል! ገባሁ፣ ሳጥኑ ተከፍቶ አየሁ፣ ደወልሁ።»

«እንደደወሉ ነው የተነሣሁት። መኪናዬን ግን መታጠፊያው ላይ አቁሜ በእግሬ መጣሁ፤ ምንጣፉ እርስዎ ከመደወልዎ በፊት ከመታጠፊያው እስከዚህ ተነጥፎ እንደነበር ወጣቶቹ ነገሩኝ። የታቦት ምንጣፍ ላይ ጎማ የሚያሳልፍ ጎንደሬ አላውቅም። ወጣቶቹም አያሳልፉም። የእርስዎ መኪና ግቢ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ዳኛው ወደ በሩ ዞሮ አየ፤ ሸዋገነት ቀጠለች።

«ኢልሃም ወጣች። አያ ሐብተ ማርያም በሩን ቆልፈው ወረዱ። እርስዎ በራስዎ ቁልፍ ገቡ። ዲስኩን ነቅለው ልውጣ ሲሉ ምንጣፉ ተዘረጋ። መኪናውን ጥለው በእግር ቢሄዱ፣ መኪናው እዚህ ተገኝቶ ‹የት ነበርህ?› ይባላሉ። ስለዚህ አሁን የደረሱ መስለው ደወሉ። የመኪናውን ቁልፍ ይስጡኝ።»

ዲስኩ በፌስታል ተጠቅልሎ ከመለዋወጫው ጎማ ሥር ተገኘ።

ያኔ እልልታው መጣ። ታቦቱ በበሩ ፊት እያለፈ ነው። ሁሉም ባሉበት ቆሙ። ኢልሃም ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ በአክብሮት ቆመች። ሸዋገነት ፌስታሉን በእጇ እንደያዘች አንገቷን ደፋች። ዳኛው በጉልበቱ ተንበርክኮ ግንባሩን መሬት አስነካ። በሌላ ሰው ላይ እስር ሲለምን የቆየው ያው ምላስ አሁን ይቅርታ ያነበንባል። ሸዋገነት አይታው ጥርሷን ነከሰች።

እልልታው ሲርቅ «ይነሡ» አለችው። «ለምን አደረጉት?»

«ምን ላድርግ?» አለ አቧራውን ሳያራግፍ። «ዓለም ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠራው! ትልልቆቹስ መቼ ጨርሰው ያወጣሉ? መጀመሪያ ማውጣት፣ ኋላ ማስተካከል። ቀድሞ ያወጣ ተጫዋቹን ይወስዳል። ስፖንሰሩ ‹ጥምቀት ካልሆነ የለሁበትም› አለ። ከጥምቀት በኋላ ማን ዞሮ ያየኛል?»

«ቀኑን ስትለጥፍ ፈረሱ እግር አልነበረውም!» ጮኸች ኢልሃም። የታመቀው ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። «ኢንስፔክተር፣ ለሙከራ ማንን እንደጠራ ያውቃሉ? አክስቶቹንና አብሮ አደጎቹን! እዚሁ ቪላ ውስጥ፣ በአንድ የኔትወርክ ገመድ። ‹ታላቅ ይቅደም›፣ ‹አይ አንተ ቅደም› እየተባባሉ በተራ ጋለቡ። ፈረሱ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ሲቀር እያዩ ‹እጅህ ይባረክ፣ ሸጋ ነው› አሉት። ምሳ ያበላቸውን ሰው ማን ያሳፍራል? ሺህ ሰው ተጋፍቶ ሲገባ የሚመጣው ጉድ እንግዶች በተራ ሲጋልቡ አይታይም። ‹የማያውቁን ሰዎች ከየቤታቸው በነጻ ይሞክሩት፤ ይሰድቡን፤ ጊዜ ስጠኝ› ብዬ ለመንሁት። ምን አለኝ? ‹ካርድ የገዙት ይሞክሩልናል፤ ጉድለቱን እነሱ ያግኙልን።›»

«እንዲህ ብለዋል?» ሸዋገነት ጠየቀች።

ዳኛው አቧራውን ማራገፍ ጀመረ።

«ብለዋል ወይ?»

«ብያለሁ።» ድምፁ ወረደ። «ሲፈርስ ግን... ያላለቀ ነገር የሸጠ ሰው አጭበርባሪ ይባላል። የተሰረቀ ሰው ይታዘንለታል። ሌባ ብቻ ነበር የጎደለኝ።»

«እሷን አስገብተው ሲያበቁ፣ ሌባ አገኙ።» ሸዋገነት ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ኢልሃምን ያመጣው ፖሊስ እንኳ ደነገጠ። «አድኚኝ ብለው ጠርተው! ይህች ልጅ ዛሬ ጣቢያ ብታድር ነገ ‹ሌባዋ› ነው ስሟ፤ በዚህ ከተማ ማን ሥራ ይሰጣታል? ለእሷስ ማን ያስተካክልላት ነበር? ይህም ‹ኋላ ማስተካከል› ነው?»

ዳኛውን እንዲይዘው ለፖሊሱ ምልክት ሰጠችው። ወደ ውስጥ ተመልሰው ሰርቨሩን ለማሸግ እጇን ወደ መብራቱ ገመድ ስትዘረጋ ኢልሃም አስቆመቻት።

«ከማጥፋትዎ በፊት አንድ ነገር ልጻፍላቸው? አሁንም ውስጡ ያሉ ሰዎች አሉ።»

ዳኛው ከፖሊሱ እጅ ሊያመልጥ ተንፈራገጠ። «ኢልሃም፣ እህቴ፣ በአላህ ይዤሻለሁ! ‹የኔትወርክ ችግር› በይ! ኔትወርክ ካልሽ ማንም ያምናል!»

«ጻፊ» አለች ሸዋገነት።

ኢልሃም ቆማ ጻፈች። ኢንስፔክተሯ ከትከሻዋ በላይ ሆና አነበበች፦ «ጨዋታው አልተሰረቀም። ሳያልቅ ነው የሸጥንላችሁ።»

ልጅቷ ቁልፉን ተጫነች። ከዚያ ከታች፣ ከጃቢር ቤት በኩል፣ ጩኸት ተነሣ።

የዳኛው ኪስ ውስጥ ስልኩ ጠራ። አውጥቶ ስሙን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ሆቴል የሚጠብቀው ስፖንሰር ነው። ወደ ኪሱ ሊመልሰው ሲል ሸዋገነት ክንዱን ያዘችው።

«ያንሱት» አለች። «ለእኔ የነገሩኝን ይንገሯቸው።»