ጠበቃዋ መልስ ያጣችበት ቅዳሜ

«ሕፃኑ ምን አደረገ?» አለ በክፍሉ ፈላስፋው የሚባለው ልጅ፣ መነጽሩን በጣቱ ወደ ላይ እየገፋ። «እኔ የምጠይቀው እሱን ብቻ ነው። ንጉሥ ዳዊት የሰው ሚስት ወሰደ፤ ባሏንም አስገደለ። እሺ፣ ዳዊት ይቀጣ። የሞተው ግን ገና የተወለደ ልጅ ነው። ይሄን የሚለው መጽሐፍ ቅዱሳችሁ ራሱ ነው። ፍትሕ ነው ትሉኛላችሁ?»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የክርክር ክበቡ ሲሰበሰብ ሌላ ጊዜ ሹክሹክታ አይጠፋም። አሁን ግን ክፍሉ ጸጥ ብሎ ዓይኑን ወደ ጠበቃ አዞረ። ይህን ቅጽል ስም ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ እምነቷን የነካባትን ሰው መልሱን ሳታቀምሰው አታልፍምና። ፈላስፋው ሒሳብ ፈተና ላይ ፍልስፍናው አይሠራለትም እንጂ ክርክር ላይ የዋዛ አልነበረም። ጥያቄው እንደሚመጣ ስላወቀች ሳምንቱን ሙሉ ስትዘጋጅለት ነው የከረመችው።

«የተቀጣው ልጁ አይደለም» አለች ተነሥታ፣ ድምጿን ሳታናውጥ። «ልጁ ወደ እግዚአብሔር ሄደ፤ እሱ አርፏል። የተቀጣው አባትየው ነው። አንዳንድ ሰው በራሱ ሲመጣበት አይማርም፤ የሚማረው በሚወደው ሲመጣበት ነው። እግዚአብሔር ደግሞ የዳዊትን ልብ ያውቀዋል።»

ጭብጨባው ክፍሉን አናወጠው። ፈላስፋው ራሱ «ይህቺን አልጠበቅኳትም፣ ነጥብ ይያዝላት» ብሎ ተቀመጠ። ጠበቃ ፈገግ ብላ ዞር ስትል ከኋላ ወንበር ላይ ቀጮን አየቻት። ቀጮ የልብ ጓደኛዋ ናት፤ ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት ጠፍታ ዛሬ መምጣቷ ነበር። አላጨበጨበችም። ፊቷ አመድ መስሏል። ቦርሳዋን አንሥታ፣ ማንንም ሳታይ ወጣች።

ጠበቃ ተከትላት ስትሮጥ ውኃ ቧንቧው አጠገብ ደረሰችባት።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ማሙሽ ሆስፒታል ነው» አለች ቀጮ። ማሙሽ የስድስት ዓመት ወንድሟ ነው። «ረቡዕ አባዬ በመኪናው ይዞት ወጣ። ጠጥቶ ነበር። ከግንብ ጋር ተላተሙ። አባዬን ጭረት እንኳ አልነካውም። ማሙሽ ግን ጭንቅላቱን...»

ጠበቃ ክው አለች። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደወልኩልሽ እኮ። እየተዘጋጀሁ ነው፣ በኋላ ብለሽ ዘጋሽው።»

እውነቷን ነው። በኋላ አለች፤ በኋላ ግን አልደወለችም።

«አባዬ ሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ተቀምጦ 'እኔ እንደ ዳዊት ነኝ፤ በእኔ ኃጢአት ነው ልጄን የሚወስድብኝ' ይላል። ማሙሽ ጋ አልገባም ብሏል። ከገባሁ እግዚአብሔር ያየኝና ይጨርስብኛል ነው የሚለው። እኔ ደግሞ እንደዛ አይደለም፣ አይደለም እያልኩ ስለምነው ነበር።» ቀጮ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ዛሬ አንቺ ልክ ነው አልሽ። ሰውም አጨበጨበልሽ።»

ይህን ብላ ሄደች። ጠበቃ ቧንቧው አጠገብ ቀረች።

ቅዳሜ ጠዋት መጽሐፍ ቅዱሷን አልጋዋ ላይ ዘርግታ ያንኑ ምዕራፍ ደጋግማ አነበበችው። ዳዊት ጾመ። መሬት ላይ ተኛ። ለመነ። ልጁ ሞተ። ሳምንቱን ሙሉ ስታነበው እንደ ቤት ሥራ ነበር፤ አሁን ዳዊት የቀጮን አባት፣ ሕፃኑ ማሙሽን መሰላት። ልትጸልይ ተንበረከከች፤ ምን እንደምትል ጠፋት። ይህ መልሴ ከንቱ ከሆነ ሌላውስ መልሴ ምኑ ይታመናል የሚል ፍርሃት ያዛት። እንዲህ ፈርታ አታውቅም። የሚያጽናናትን ሰው ፈልጋ ሳይሆን ቤት መቀመጥ አቅቷት ተነሥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

የወጣቶች መሪው አዳራሹ ውስጥ ወንበር ይደረድር ነበር። ገና ሲያያት ፊቱ በራ።

«ሰማሁ፣ ሰማሁ። ያንን ልጅ አፉን አስያዝሽው አሉ። ነገ በወጣቶች ፕሮግራም ላይ ያንኑ ለሁላችንም ትደግሚልናለሽ።»

«ወንድሜ፣ ግን ልጁ ምን አደረገ?»

«የትኛው ልጅ?»

«የዳዊት።»

ወንበሩን አስቀመጠና አሰበ። ክፉ ሰው አልነበረም። እግዚአብሔር ሕይወት ሰጪ ስለሆነ መውሰድም መብቱ ነው አላት። ምናልባት ልጁን ከሚመጣው መከራ ማዳኑ ይሆናል አላት። እኛ የምናየው ጫፉን ብቻ ነው አላት። ጠበቃ እያንዳንዱን በሐሳቧ ተሸክማ ሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ወሰደችው፤ አንዱም እዚያ ለተቀመጠው አባት አፍ አውጥተው የሚናገሩት አልሆነላትም።

«ስለ ነገው አስቢበትና ከሰዓት እደውልልሻለሁ» አለ መሪው፣ ፊቷ መጥቆሩን አይቶ።

ሆስፒታሉ ስትደርስ የቀጮ አባት እንደተባለው ደረጃው ላይ ነበር። ጭነት መኪና የሚነዳ ግዙፍ ሰው ነው፤ ቤታቸው ስትሄድ እየቀለደ በሩን የሚከፍትላት እሱ ነበር። ዛሬ ጢሙ አድጎ፣ ትከሻው ወድቆ፣ ሰው ሲያልፍ እግሩን እንኳ አይሰበስብም።

«ጋሼ» አለችው።

ቀና ብሎ አያት። «አንቺ ነሽ፣ ልጄ? ጓደኛሽ ነግራኛለች። እግዚአብሔር ሰውን በሚወደው ነው የሚመታው አልሽ አሉ።»

«ጋሼ፣ እሱ...» ስትመጣ መንገድ ላይ ያዘጋጀችውን ሌላ መልስ አነሣች። «ነቢዩ ሕዝቅኤል ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም ይላል። እዚያው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ነው።»

«አይሸከምም?» ሰውዬው አልተቆጣም። ድምፁ ከቁጣ የከፋ ነበር። «ግቢና እይው። ጭንቅላቱ ላይ የታሰረው ፋሻ የማን ነው? የጠጣሁት እኔ። የነዳሁት እኔ። ተሸክሞልኝ ተኝቷል እኮ።»

ጠበቃ ሌላ ጥቅስ ፈለገች። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ጌታ ሲጠየቅ እሱም ወላጆቹም አልበደሉም ማለቱ ትዝ አላት፤ ይህ አባት ግን በድሏል፤ እሱም ያውቀዋል። ቃላቱ አንድ በአንድ ከእጇ እያመለጡ ሄዱ። አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ፣ ሳትጠየቅ ተቀመጠች።

ቀጮ በሩን ከፍታ ብቅ አለች። ጠበቃን ስታይ ፊቷን አዞረች።

«አባዬ፣ ነቅቷል። አባዬ የት አለ እያለ ነው።»

«ተኝቷል በይው።»

«ትናንትም ተኝቷል ብዬዋለሁ።»

«ዛሬም በይው» አለ አባትየው።

ቀጮ በሩን እንደያዘች ቆመች። ጠበቃ እጆቿን ጭኖቿ መካከል አጣብቃ፣ ወደ ታች ወደ ደረጃው እያየች መናገር ጀመረች።

«እኔ እግዚአብሔር ለምን እንደዛ እንዳደረገ አላውቅም፣ ጋሼ። ትናንት የማውቅ መስዬ የተናገርኩት ለማሸነፍ ነው። ማሙሽ መጎዳቱን አላውቅም ነበር፤ ባላውቅም ግን እንደዛ ማለት አልነበረብኝም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሰውዬው ያደገ ጢሙን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ።

«ጠዋት ደግሜ አነበብኩት። ዳዊት መሬት ላይ ተኛ ይላል። ልጁ ጋ ገባ አይልም፤ ገብቶም ይሆናል፣ አልተጻፈም። የልጁ ስም ራሱ አልተጻፈም። አባቴ የት ነው ብሎ ይጠይቅ እንደሆን የሚያውቅ የለም፤ ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ነበር። ማሙሽ ግን አፉን ፈትቷል። እየጠራዎት ነው።»

«ገብቼ ቢሞትብኝስ?»

ይህን ሲል ዓይን ዓይኗን ነበር የሚያያት። አይሞትም ማለት ምንኛ ቀላል ነበር። አይሞትም፣ እመን ብቻ፣ እግዚአብሔር ታማኝ ነው፤ ሁሉም ምላሷ ጫፍ ላይ ተሰልፎ ቆመ።

«ባይገቡም ሊሞት ይችላል» አለች፤ ድምጿ በጭንቅ እየተሰማ። «እንደማይሞት እኔ ልነግርዎት አልችልም።»

ቀጮ በሩ ላይ ሆና ማልቀስ ጀመረች። አባትየው ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ሽማግሌ እያቃሰተ ተነሣ። ሲቆም ስለተንገዳገደ ልጁ ሮጣ ደገፈችው።

«እንዲህ ሆኜ አይየኝ» አለ። «መጀመሪያ ፊቴን ልታጠብ።»

ሁለቱ ወደ ውስጥ ገቡ። ጠበቃ ደረጃው ላይ ብቻዋን ቀረች። ትንሽ ቆይቶ በሩ አጠገብ ካለው ክፍል አንድ ቀጭን የልጅ ድምፅ፣ ከዚያ የትልቅ ሰው ሳግ ተሰማ። ሐኪሙ ሲወጣ ቀጮ ተከትላው ወጥታ ጠየቀችው፤ እብጠቱ እንዳልቀነሰ፣ ቀጣዮቹን ቀናት ከመጠበቅ በቀር አሁን ምንም ማለት እንደማይችል ነገራትና ሄደ።

ቀጮ ኮሪደሩ ውስጥ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጠበቃ ደፈር ብላ ገባችና ፊት ለፊቷ ቆመች።

«አሁንም ተናድጄብሻለሁ» አለች ቀጮ።

«አውቃለሁ።»

«እጁን ይዞታል። ማሙሽ 'ለምን ቆየህ' አለው። አባዬ መመለስ አቃተው።»

የጠበቃ ስልክ ጮኸ። የወጣቶች መሪው ነበር። ወደ መስኮቱ ራቅ ብላ አነሣችው።

«እና፣ ነገ ትደግሚልናለሽ?»

«እመጣለሁ» አለች። «ያንን መልስ ግን አልደግመውም። ልክ አልነበረም።»

«እንዴ፣ ታዲያ ምን ልትዪ ነው? ልጆቹ እኮ ከአንቺ መልስ ይጠብቃሉ።»

ጠበቃ በተከፈተው በር በኩል የሰውዬውን ሰፊ ጀርባ አየች። አልጋው ላይ ጎንበስ ብሏል።

«ምዕራፉን አነብላችኋለሁ። ከዚያ፣ የማላውቀው ቦታ ስደርስ አላውቅም እላለሁ። ከዚያ ስለ አንድ ልጅ እንጸልያለን። ይህ ካልሆነ ሌላ ሰው ይናገር።»

መሪው «እስቲ ላስብበት» ብሎ ዘጋው።

ስልኳን አጥፍታ ተመለሰች። ቀጮ ቀና ብላ አላየቻትም፤ ግን ወንበሩ ላይ ትንሽ ጠጋ አለችላት። ጠበቃ አጠገቧ ተቀምጣ በሩን መጠበቅ ጀመረች።