ሞት በሁርሶ ድልድይ

ሟቹ ከድልድዩ ሥር፣ በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ በደረቱ ተደፍቷል። ብስክሌቱ ከአጠገቡ በጎኑ ወድቋል። ከሁርሶ ወደ ድሬዳዋ የሚመልሰው መንገድ እዚያ ላይ ዳገትም ቁልቁለትም የሌለው ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ከግራር ቁጥቋጦና ከባቡሩ ሐዲድ በቀር ዓይን የሚይዝ ነገር የለም።

መቶ አለቃ ጥሩወርቅ ከፖሊሱ ላንድሮቨር ስትወርድ ሰላም ያላት ሰው አልነበረም። የብስክሌት ቡድኑ ልጆች ጀርባቸውን ሰጥተዋት ቆመዋል። አንደኛው፣ ዲሪር የሚባለው ቀጭን ወጣት፣ ማልያው በደም ተበክሎ፣ እጆቹ በገመድ ታስረው መሬት ላይ ተቀምጧል።

«ማን አሰረው?» አለች።

«እኔ ነኝ ያሳሰርኩት» አለ የከተማው ካድሬ በዛብህ፣ ከካኪ ልብሱ ላይ አቧራ እያራገፈ። «ሟቹ ኢስማዒል የቡድኑ አምበል ነው። ቡልጋሪያ ሄዶ እንዲወዳደር ተመርጦ ነበር። ይሄ ተቀናቃኙ ነው። ትናንት በሰው ፊት ተደባድበዋል፤ ዛሬ ሬሳውን ታቅፎ ተገኘ። ዘመዶቹ ከድንበር ወዲያ ናቸው። ሰርጎ ገብ ነው፤ አለቀ!»

«እኔ ገና አልጀመርኩም።»

«ነገ ቀትር ላይ ለወታደሮቹ አስረክበዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ጥያቄ ካለሽ ለመቃብሩ ታቀርቢለታለሽ፣ ጓድ መቶ አለቃ።»

ጥሩወርቅ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት፤ ዓይኗ ግን አያርፍም። ተንበርክካ የሟቹን መዳፎች ገለበጠች። አልተጫሩም። ጉልበቱንና ክርኑን አየች፤ ቆዳው እንዳለ ነው። የራስ ቅሉ ግን ከኋላ በኩል ተፈርክሷል።

ከዚያ ወደ ብስክሌቱ ዞረች። ካቴናው፣ ፔዳሉን ከጎማው የሚያገናኘው ሰንሰለት፣ ከኋላ በትልቁ ጥርስ ላይ ተቀምጧል። ራቅ ብሎ ዓይኑን በመሐረብ የሚጠርገውን አጭር፣ ወፍራም ሰው ጠራችው። የቡድኑ አሠልጣኝ ወልደጻድቅ ነው።

«ጋሽ ወልደጻድቅ፣ ይሄ ማርሽ መቼ ነው የሚገባው?»

«ለዳገት ነው።»

«እዚህ ዳገት የለም።»

«ለመቆም ሲያስቡም ይገባል፤ ሲነሱ እንዲቀል።» መሐረቡን ወደ ዓይኑ መለሰ። «ልጄ ነበር! ፔዳል መርገጥ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

ጥሩወርቅ ኮዳውን ከብስክሌቱ ላይ ነቅላ ነቀነቀችው። እስከ አፉ ሞልቷል።

«ሲሞት እርስዎ የት ነበሩ?»

«ሁርሶ። ከኤረር ልምምድ ስንመለስ ልጆቹ ባቡር ጣቢያው ጥላ ሥር ዐረፉ። ኢስማዒል ቀድሞ ብቻውን ወጣ። እኔና ሾፌሩ ሃሺ ከገበያው ጀርባ የመኪናችንን ጎማ እንቀይር ነበር።»

ላንድሮቨሩ አስከሬኑንና እስረኛውን ይዞ ሲሄድ ጥሩወርቅ በቡድኑ ፔጆ ተሳፈረች። ሃሺ መሪውን ያዘ። የሰው መለሎ ነው፤ ጉልበቶቹ ከመሪው ግራና ቀኝ ተቀስረው፣ አንገቱን ሰብሮ ነበር የሚነዳው።

«ምነው እንዲህ ተቆራምደህ?»

«አቦ፣ ተይኝ! መቀመጫው ወደ ፊት ሄዶ ቀረ። የሚንሸራተትበት ብረት ውስጥ አሸዋ ገብቶ ወደ ኋላ ብለው ብለው እንቢ አለኝ።»

«ጠዋትስ?»

«ጠዋት ደኅና ነበር።» ወዲያው ፊቱ ተለዋወጠ። «ምን አገባሽ? ወላሂ፣ እኔ ሾፌር ነኝ፤ ሰው አልገደልኩም!»

ከተማ እስኪገቡ መኪናውን እያጋለበ ነዳ።

እስር ቤት ዲሪር ግድግዳውን ተደግፎ ጠበቃት። ከንፈሩ አብጧል፤ በዛብህ ቀድሟት ገብቶ ነበር።

«አንቺም ልትመቺኝ ነው የመጣሽው?»

«ለምን እንደተጣላችሁ እንድትነግረኝ ነው የመጣሁት።»

«ለቡልጋሪያ ነው በይና ጻፊያ! ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

«እኔ ሁሉም አይደለሁም። ነገ ቀትር ከወጣህ የሚሰማህ የለም፤ የሚሰማህ ሰው ካለ አሁን ፊትህ ቆሟል።»

ልጁ በሩን ሰርቆ አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ዒሴ የሚባል ጓደኛ ነበረን። አምና ኤረር መንገድ ላይ ሞተ። ታሞ ነው አሉን። ያን ቀን ከእሱ ጋር ወደ ኋላ የቀሩት ኢስማዒልና አሠልጣኙ ብቻ ናቸው። ኢስማዒል ከዚያ ወዲህ የዒሴን ስም ሲሰማ ክፍሉን ጥሎ ይወጣል። ትናንት ፊት ለፊት ነገርኩት፤ ‹በዒሴ ደም ላይ ተረማምደህ ነው አውሮፕላን የምትሳፈረው› አልኩት። መታኝ። መታሁት። ከዚያ አለቀሰ።»

«ዛሬስ?»

«ሁርሶ ላይ የጣቢያው ቧንቧ ደርቋል። ውሃ ያለው መኪናው ላይ በጀሪካን ብቻ ነው። ኢስማዒል ባዶ ኮዳውን ይዞ ወጣ። አሠልጣኙ ‹ና ልሙላልህ› ሲለው ‹ካንተ እጅ ውሃ አልጠጣም› አለው። ሁላችንም ሰማን። ቆየት ብዬ ስከተለው ድልድዩ ሥር ወድቆ አገኘሁት። ያነሳሁት በሕይወት ያለ መስሎኝ ነው።»

«አሠልጣኙ ሁልጊዜ ነው ኮዳ የሚሞላላችሁ?»

«ዒሴ ከሞተ ወዲህ። ባዶ ኮዳ ካየ ያብዳል። በራሱ እጅ ካልሞላ አያስነሳንም።»

የዒሴ እናት ፋዱማ በሯን ገርበብ አድርጋ፣ የፖሊሱን መለዮ ስታይ ልትዘጋው ነበር።

«ልጄ ሲሞት አልመጣችሁም። ዛሬ ምን ጠፋችሁ?»

«ኢስማዒል ትናንት ከዲሪር ጋር ከተጣላ በኋላ እዚህ መጥቶ ነበር?»

የፋዱማ እጅ በሩ ላይ ቆመ። «አንቺ ማን ነገረሽ? መጣ። እግሬ ሥር ተቀመጠ። ‹እማ ፋዱማ፣ ዒሴ የሞተው በበሽታ አይደለም። ነገ ከልምምድ ስመለስ ሁሉንም እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ሰው ራሱ እንዲናገር ዕድል ልስጠው› አለኝ። እኔም እየጠበቅኩት ነው።» የጥሩወርቅን ፊት አየች። «አይመጣም?»

«አይመጣም፣ እማ።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጥሩወርቅ ሁሉንም ከዚራ ሰፈር፣ የቡድኑ ብስክሌቶች በሚቀመጡበት ግቢ ሰበሰበቻቸው። የሟቹን ጨምሮ ብስክሌቶቹ በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል። ወልደጻድቅ ከሁሉም ቀድሞ ደርሶ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ በአንድ ወገን፣ ሃሺ ብቻውን በሌላ ወገን ቆሙ። ፋዱማ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ዲሪርን ሁለት ፖሊሶች በሰንሰለት አስረው ይዘውት ገቡ። በዛብህ የታጠቁ ሰዎቹን በር ላይ አቁሞ ሰዓቱን ያያል።

«አጭር ይሁን» አለ። «ወታደሮቹ እየመጡ ነው። ሪፖርቱንም ልኬዋለሁ።»

«ኢስማዒል በግልቢያ ላይ ወድቆ አልሞተም» አለች ጥሩወርቅ። «በፍጥነት ሲጋልብ የሚወድቅ ሰው እጁን ይዘረጋል፤ መዳፉ ይላጣል፣ ጉልበቱ ይጫራል። እሱ ጭረት የለበትም። ማርሹን አቅልሎ፣ ወዶ ቆሟል። ከኋላ የተመታውም የሚያውቀውን ሰው አምኖ ጀርባውን ስለሰጠ ነው።»

«ዲሪርን ያውቀዋል!» አለ በዛብህ።

«ያውቀዋል። ግን ኢስማዒል ከሁርሶ የወጣው ባዶ ኮዳ ይዞ ነው። እዚህ ያሉት ልጆች ሁሉ ሰምተዋል። ከሁርሶ እስከ ድልድዩ ጉድጓድም ቧንቧም የለም። እኔ ሳገኘው ግን ኮዳው ሞልቷል። ዲሪር በአንድ ኮዳ ነው የሚጋልበው፤ የራሱም ሙሉ ነበር። ስለዚህ ውሃው የመጣው ከመኪናው ጀሪካን ነው። መኪናው ድልድዩ ጋ ሄዷል።»

ሃሺ ከግድግዳው ተላቀቀ። «እኔ አልነዳሁም!»

«አውቃለሁ። አንተ ብትነዳው መቀመጫው ጉልበትህን አይሰብረውም ነበር። አጭር ሰው ወደ ፊት ስቦ ነድቶታል። አንተ የት ነበርክ?»

ሃሺ አሠልጣኙን ሰርቆ አየና ራሱን ደፋ። «ገበያው ጀርባ፣ አክስቴ ቤት ጫት ላይ ነበርኩ። ቁልፉን ለእሱ ሰጠሁት። ኋላ ‹ሥራህን ትተህ መቃምህን አልናገርም፤ አንተም ጎማ ስንቀይር ነበር በል› አለኝ። ወላሂ፣ ለእንጀራዬ እንጂ ለዚህ መሆኑን አላወቅኩም!»

ሁሉም ወደ ወልደጻድቅ ዞሩ። አሠልጣኙ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሾፌር ነው» አለ። «በጫት የደነዘዘ ሾፌር! ቃሉ ምን ያደርጋል?»

«የእሱን ቃል እንተወው» አለች ጥሩወርቅ። «ዛሬ ማለዳ የነዚህን ብስክሌቶች ኮዳ ሁሉ ባዶ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ጀሪካኑን እዚያ አስቀመጥኩት። እርስዎ ቀድመው መጡ፤ ብቻዎን ጠበቁ። ማንም ይሙሉ አላለዎትም።» በብስክሌቶቹ አጠገብ እየተራመደች ኮዳዎቹን አንድ በአንድ መታ መታ አደረገቻቸው። ሁሉም ሞልተዋል። መጨረሻ ላይ የኢስማዒልን አነሳች። «የሟቹን ሳይቀር ሞልተዋል። ዛሬ ለማን ነው?»

ወልደጻድቅ እጆቹን ተመለከተ።  ቀስ ብሎም መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ልለምነው ነው የተከተልኩት» አለ። «‹ዒሴ እንዴት እንደሞተ ዛሬ ለፋዱማ ራስህ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ› አለኝ። ስንት ዓመት የለፋሁበት ልጅ ነፍሰ ገዳይ አለኝ! ፊቱን አዙሮ ብስክሌቱን ሊያነሳ ሲል የመኪና ማንሻው ክሪክ ዘንግ እጄ ላይ ነበር። መታሁት። ከድልድዩ ሥር አወረድኩት፣ ብስክሌቱንም። ልሄድ ስል ኮዳው ባዶ መሆኑን አየሁ። አልቻልኩም።»

«ዘንጉስ?»

«ከወንዙ ማዶ አሸዋ ውስጥ ቀብሬዋለሁ።»

ዲሪር ፖሊሶቹን ጎትቶ ወደ ፊት ተወረወረ። «እኔ ስታሰር እያየህ! ሲመቱኝ እያየህ!»

አሠልጣኙ ቀና አላለም። በዛብህ ወደ ጥሩወርቅ ጠጋ አለ።

«ሪፖርቱ ወጥቷል አልኩሽ እኮ። ሰርጎ ገብ ተይዟል ተብሏል። አሁን እኔን ውሸታም ልታደርጊኝ ነው?»

«በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ያመነ ገዳይ አለ። ወታደሮቹ ሲመጡ የትኛውን እንደሚያስረክቡ እርስዎ ይወስኑ፤ እነዚህ ሁሉ ግን እያዩ ነው።»

በዛብህ ግቢውን ቃኘ። ማንም ዓይኑን አልሰበረለትም። «ያንቺን ጉዳይ እናያለን» ብሎ ለሰዎቹ ምልክት ሰጠና ወጣ።

ጥሩወርቅ የዲሪርን ሰንሰለት ፈታች። ልጁ የእጁን አንጓ እያሻሸ አለፋት።

ፋዱማ ከድንጋዩ ተነስታ አሠልጣኙ ፊት ቆማለች።

«ልጄ ውሃ ለምኖህ ነበር?»

ወልደጻድቅ በጣቱ መሬቱን ጫረ።

«አንተን ነው የጠየቅኩህ!»

«ለምኖኝ ነበር» አለ። «‹ኤረር ሳትደርስ አትቀምሳትም› አልኩት። ጠንካራ ላደርገው ብዬ ነበር። አልደረሰም።»

ፋዱማ ሻሿን አጥብቃ አሰረችና በሩን ፈለገች፤ እንባ ዓይኗን ጋርዶት ግድግዳውን በእጇ ትዳብሳለች። ዲሪር ደርሶ ክንዷን ያዛት። ሁለቱ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ወደ ኋላ ሳያዩ፣ ቀስ ብለው ሄዱ።