የአዋላጇ ደብተር የጠፋበት ሰኞ

ካርቶኑ ባዶ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ክዳኑን በአንድ እጇ፣ መቀሷን በሌላው እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጥግ ጥጉን አየች፤ ያን የሚያህል ደብተር እዚያ ይሸሸግ ይመስል። ምንም የለም። ከታች የተነጠፈው ነጭ ወረቀት ላይ አንዲት ካርድ ብቻ ተቀምጣለች። በእርሳስ ተጽፎባታል፦ «ወጥቷል። ይመለሳል።»

ስም የለም። ቀን የለም።

«አሰልጣኝ! ነይ እስቲ፣ ተሰርቀናል!»

አሰልጣኟ ሮጣ መጣች። ካርዷን አየች።

«ይሄ የኛ ካርድ ነው» አለች። «ዕቃ ከቦታው ሲነሳ ካርድ ተዉ ብዬ ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ።»

«እንግዲህ ሌባ አሠልጥነሻላ!»

ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው በዚያች ጠባብ ክፍል ሦስት ሰዎች ስድስት ሳምንት ሙሉ ሠልጥነዋል። ልብስ ሰፊዋ፣ ጡረታ የወጣች ነርስ፣ ሰፈሩ «ብልጭታ» የሚለው ፎቶ አንሺ። ሥልጠናው የሰፈሩን አሮጌ ወረቀት፣ ፎቶና ካሴት ሳይጎዱ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ነው። አሥራ አንድ ቤት ሣጥኑን አምኖ ሰጥቷቸዋል።

የጠፋው ደብተር ግን ከሁሉም ይለያል። የሰፈሩ አዋላጅ በሕይወቷ ሙሉ የጻፈችው ነው፤ ማን መቼ እንደተወለደ፣ ስንት ሰዓት እንዳስማጠ፣ በእግሩ ይምጣ በራሱ። አዋላጇ ዓምና ሞተች። ደብተሩ ለእህቷ ቀረ። እህትየው እሺ አልል ብላ፣ አልል ብላ፣ በመጨረሻ ልብስ ሰፊዋን ዓይን ዓይኗን እያየች «አንቺን አምኜ ነው የምሰጠው» አለቻት። «ሰኞ ስድስት ሰዓት እዚህ መጥቼ በእጄ ካልተቀበልኩ፣ ደጄን እንዳትረግጪ።»

አሁን ሦስት ሰዓት ነው። ከደብተሩ ወደ ኮምፒውተር የገባው ግማሹ ብቻ ነው። ሌላ ቅጂ የለም።

«ፖሊስ እንጥራ» አለች አሰልጣኟ።

«ፖሊሱ ምን ሊል? ‹ምን ጠፋ?› ‹ደብተር።› ‹ሌላ ይገዛላችኋላ!› ተይኝ። እኔው እፈልገዋለሁ።»

ካርቶኑ የሚቆለፍበት ቁም ሳጥን አልተሰበረም። ቁልፉ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ሌባው ከውጭ አልመጣም።

ብልጭታ ከበሩ ሲገባ ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

«ቅዳሜ ከሰዓት እዚህ መጥተሃል። የቤተ መጻሕፍቱ ዘበኛ አይቶሃል።»

«እኔ? ቅዳሜ?» ቆቡን አወለቀ። «ምናልባት ብቅ ብዬ ይሆናል።»

«ምን ልታደርግ?»

«መነጽሬን ረስቼ…»

«መነጽር አታደርግም!»

ብልጭታ አሰልጣኟን አየ፤ ጣራውን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ደብተሩን ፈልጌ ነው። የተወለድኩበትን ገጽ። ላገባት ያሰብኳትን ሴት ዕድሜዬ አርባ አምስት ነው ብያታለሁ።»

«ስንት ነህ?»

«ሃምሳ ሁለት።»

«ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሳትሆን!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እና ወሰድከው?»

«ካርቶኑን ገና ሳልፈታው፣ ሳነሳው ቀለለኝ፤ ባዶ ነበር። ምን ብዬ ልናገር? ምን ልትሠራ መጣህ ብትሉኝስ?» አለና ዓይኑ እንባ አቀረረ። ውሸታም እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እንባው ግን የእውነት ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች። ካርቶኑ የሚታሰርበትን የጥጥ ጥብጣብ አነሳች። ጠዋት ስትፈታው እምቢ ብሏት፣ ትዕግሥት ስለሌላት በመቀስ ቆርጣው ነበር። ቋጠሮው እንዳለ ነው።

ዓርብ ያሰረችው ራሷ ናት፤ ሳብ ሲያደርጉት የሚፈታ፣ አሰልጣኟ ያስተማረቻቸው ዓይነት። ይሄ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ የተጠቀለለ፣ ከላይ የተደገመ፣ ጠፍጣፋ፣ የማይላላ።

ክር የቋጠረውን ሰው መልክ ይይዛል ትላለች ሁልጊዜ። ይሄን መልክ የት ነው ያየችው?

የግራ አውራ ጣቷን ገልብጣ አየች። የስፌት መኪናው መርፌ ጣቷን ዘንጥሎት የሄደ ጊዜ፣ ቁስሉን በሦስት እንደዚህ ባሉ ቋጠሮዎች የሰፋችላት አንዲት ሴት ናት።

«ሲስተር ዛሬ ለምን ቀረች?» አለች ቀስ ብላ።

«አሞኛል ብላ ደውላለች።»

ልብስ ሰፊዋ ነጠላዋን አንስታ ወጣች።

የነርሷ በር አልተቆለፈም። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ከሥሩ ንጹሕ ጨርቅ ተነጥፏል፤ ጀርባው እንዳይሰበር ግራና ቀኙ በትራስ ተደግፏል። ልክ እንደ ሥልጠናው። ከጎኑ የተቀረጸ እርሳስ አለ፤ መሬቱ ላይ ደግሞ የፍቅፋቂ ክምር።

«እንደምትመጪ አውቄያለሁ» አለች ነርሷ ሳትነሳ።

«ቀድደሽ ልትጥዪው ነው?»

«መቅደድ? እኔ?» ነርሷ ተቆጣች። «ልጽፍበት ነው የወሰድኩት። አንብቢው።»

ልብስ ሰፊዋ ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች አነበበች። «ወንድ። አልተነፈሰም። ጥፋቱ የኔ ነው።» የእናትየው ስም የአዋላጇ እህት ስም ነው።

ሰፈሩ ይህን ያውቃል። እህትየው ከዚያ ቀን ወዲህ አዋላጇን አላናገረቻትም። አርባ ዓመት። ቀብር ላይ እንኳን ከሩቅ ነው የቆመችው።

«አዋላጇ እዚያ አልነበረችም» አለች ነርሷ። «ሌላ ምጥ ጠርቷት ሄዳ ነበር። እኔ ነኝ የነበርኩት። ሥራ እየለመድኩ ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ሳይ ደነገጥኩ። ጣቴን አስገብቼ ማላላት ነበረብኝ። እኔ ግን እሷን ልጠራ ሮጥኩ። ይዣት ስመለስ አልቋል፤ እህትየው ከምጡ ብዛት ራሷን ስታ ስለነበር ማን እንደነበረ አላየችም። እሷ እጄን ይዛ ‹አንቺ ገና ብዙ ታዋልጃለሽ፣ ዝም በይ› አለችኝ። ዝም አልኩ።»

«ታዲያ ለምን አልጻፍሽም? ከቅዳሜ ጀምሮ እኮ እጅሽ ላይ ነው።»

«እንዴት አድርጌ! ‹በዋናው ላይ ምንም ምልክት አይደረግም› እያለች ያቺ ልጅ ስድስት ሳምንት ጆሮዬን በላችው። እርሳሱን ባነሳሁ ቁጥር ድምጿ ይመጣብኛል። ይኸው መቅረጽ ብቻ።»

ልብስ ሰፊዋ መሳቅ አልፈለገችም። አመለጣት። ነርሷም እያለቀሰች ሳቀች።

«ካርድ ትታ የምትሰርቅ ሌባ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ አጠገቧ እየተቀመጠች። «ስሚኝ። ደብተሩን ይዤ ብመለስ ማንም አይጠይቅም። ቃሌ ይጠበቃል፣ ነገሩም ያልቃል። ወይም አትጽፊበትም፣ ትናገሪያለሽ። ድምፅሽን ቀድተን ከገጹ ጋር እናኖረዋለን። ግን እህትየው ፊት ነው።»

ነርሷ እርሳሱን ወደ ጎን ገፋችው። ከዚያ ተነስታ እጇን ታጠበች፤ ደብተሩን ለመያዝ።

ሲደርሱ ስድስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። የአዋላጇ እህት ዣንጥላዋን ተደግፋ በሩ ላይ ቆማለች።

«ዘገየሽ።»

«ዘግይቻለሁ እትዬ። ይግቡና ይስደቡኝ።»

መቅጃው በራ። ነርሷ ተናገረች፤ ምንም አልደበቀችም። ብልጭታ ግድግዳውን እያየ ቆሟል።

«አሁን ትነግሪኛለሽ?» አለች እህትየው። «ከሞተች በኋላ? ባዶ ቤት ይዤ ከቀረሁ በኋላ?»

«አዎ እትዬ። ፈሪ ነኝ።»

«ነሽ።» ደብተሩን ወደራሷ ሳበች። የእህቷን ፊደል በጣቷ ተከተለችው፤ እስከ መጨረሻው ቃል። «ሞኝ» አለች፤ ለነርሷ ሳይሆን ለፊደሉ። «አንቺ ሞኝ።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አሰልጣኟ ስጠብቃችሁ ግማሹ ቀርቷል ብላኛለች። በሉ ጨርሱት። እዚሁ ሆኜ አያለሁ።»

ነርሷ ልትወጣ ብድግ አለች።

«የት ነው? ገጹን ማን ሊገልጥላቸው? ቁጭ በይ።»

ስካነሩ መሥራት ጀመረ። አሰልጣኟ ከእያንዳንዱ ገጽ ጋር የሕፃኑን ስም በኮምፒውተሩ ትሞላለች። ያ ገጽ ሲደርስ ቦታውን ባዶ አድርጋ ልታልፍ እጇን አነሳች።

«ቆይ» አለች እህትየው። «ስም ነበረው። ገና ሆዴ ውስጥ ሳለ አውጥቼለት ነበር።»

ለማንም ነግራው የማታውቀውን ስም ተናገረች።

አሰልጣኟ ጻፈችው።